ጣና ዳር ካሜራ ይዘው ለሚወጡ፦ ስለ ሌንስ ምርጫና ፍላጎትን ስለማቆየት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት ጥያቄዎች ባሕር ዳር ላይ ካሜራ አንግተው የሚዞሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ጠያቂዎቹ ከፎቶ እንጀራ የሚበሉ አይደሉም። ቅዳሜ ከሥራ መልስ ወይም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሐይቁ የሚወርዱ፣ ስለሚወዱት ብቻ የሚያነሱ ሰዎች ናቸው። መልሶቼ ሁሉ የሚነሱት ከአንድ እምነት ነው፦ መጀመሪያ ደጋግማችሁ የምትመለሱበትን ነገር እወቁ፤ ሌንሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ ይበቃኛል? ወይስ ቶሎ ልቀይረው?

ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይበቃል። አብዛኞቹ አነስተኛ ሚረርለስ (ውስጣቸው የሚገለበጥ መስታወት የሌላቸው) ካሜራዎች 16-50፣ 15-45 ወይም 18-45 ሚሊሜትር የሆነ ትንሽ ዙም ይዘው ይመጣሉ። ብዙ ሰው «ኪት ሌንስ ነው» ብሎ ይንቀዋል። በጠራራ ቀን አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) ኤፍ 8 ላይ ሆኖ የተነሱ ሁለት ፎቶዎችን፣ አንዱን በእሱ ሌላውን በውድ ሌንስ፣ ስልክ ላይ ጎን ለጎን ብታዩ ግን ለመለየት ትቸገራላችሁ።

ድክመቱ የሚታየው ብርሃን ሲያንስ ነው። ዙም አድርጋችሁ ስታቀርቡ አፐርቸሩ ወደ ኤፍ 5.6 ወይም ኤፍ 6.3 ይጠባል፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። ያኔ ካሜራው አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ንቃት) ይጨምራል፣ ፎቶውም ይሻክራል። ከሰው ጀርባ ያለውን ነገር ማደብዘዝም እምብዛም አይሆንለትም።

እስከዚያው ግን አሪፍ መማሪያ ነው። አንድ ሳምንት በሰፊው ጫፍ፣ 16 ላይ ብቻ አድርጋችሁ አንሱ። በሚቀጥለው ሳምንት 35 ላይ፣ ቀጥሎ 50 ላይ። ዙሙን ሳትነኩ በእግራችሁ ቅረቡ፣ በእግራችሁ ራቁ። የትኛው ለዓይናችሁ እንደሚስማማ የሚነግራችሁ ይህ ነው።

35፣ 50፣ 16-50 የሚሉት ቁጥሮች በጓደኛዬ ካሜራ ላይ ሌላ የሚመስሉት ለምንድን ነው?

የሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ወደ ምስል የሚቀይረው ክፍል፣ መጠን ስለሚለያይ ነው። ሌንሱ ያው ነው፤ ትንሽ ሴንሰር ግን ከሌንሱ ምስል የመሃሉን ብቻ ይወስዳል። ሌንሱ ፉል ፍሬም በሚባለው ትልቅ ሴንሰር ላይ የስንት ሚሊሜትር ያህል እንደሚያሳይ ለማወቅ፣ አነስ ያለ ሴንሰር ባላቸው፣ ኤፒኤስ-ሲ በሚባሉት የሶኒ፣ የፉጂፊልምና የኒኮን ካሜራዎች ላይ ቁጥሩን በ1.5 ማባዛት ነው። በካነን ኤፒኤስ-ሲ በ1.6፣ ከእነሱም ባነሰው በማይክሮ ፎር ተርድስ ሴንሰር ደግሞ በ2። ስለዚህ 35 ሚሜ ሌንስ ፉል ፍሬም ላይ ሰፋ ያለ ሲሆን፣ ኤፒኤስ-ሲ ላይ ወደ 52 ይጠጋል፣ ማይክሮ ፎር ተርድስ ላይ 70 ያህል ይሆናል። «35 ግዛ» ያላችሁን ሰው መጀመሪያ «በየትኛው ሴንሰር?» ብላችሁ ጠይቁት።

ሁለተኛ ሌንስ ልገዛ ነው። የቱን?

ከመግዛታችሁ በፊት የድሮ ፎቶዎቻችሁን ክፈቱ። በኮምፒውተርም በስልክም የእያንዳንዱ ፎቶ መረጃ ላይ በስንት ሚሊሜትር እንደተነሳ ተጽፏል። የምትወዷቸውን ብቻ ለዩና ተመልከቱ። አብዛኞቹ በአንድ ጥግ ተከማችተው ታገኟቸዋላችሁ። ሁልጊዜ ዙሙን እስከ መጨረሻው አቅርባችሁ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ረጅም ሌንስ ነው። ብዙዎቹ ሰዎች ከሆኑና የምሽት ፎቶዎቹ ሁሉ ከሻከሩ፣ ብርሃን በደንብ የሚያስገባ ፕራይም (ዙም የማያደርግ ሌንስ) ያስፈልጋችኋል።

ለብዙ ሰው የመጀመሪያ ግዢ ይሁን የምለው ፕራይሙን ነው። ለኤፒኤስ-ሲ 30 ወይም 35 ሚሜ፣ ለማይክሮ ፎር ተርድስ 25፣ ለፉል ፍሬም 50፤ አፐርቸሩ ኤፍ 1.8 ወይም ኤፍ 1.4 የሆነ። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ኤፍ 1.8 ከኤፍ 5.6 ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ምሽት ላይ ሐይቁ ዳር ቡና የምታፈላ ሴት ስታነሱ ኪት ሌንሱ አይኤስኦ 6400 ከጠየቀ፣ ፕራይሙ በ640 ያነሳታል። የጀበናው እንፋሎትና የፊቷ ቆዳ ሳይሻክሩ ይወጣሉ።

ሲግማ 30 ሚሜ ኤፍ 1.4 ለሶኒ፣ ለፉጂፊልም፣ ለማይክሮ ፎር ተርድስና ለሌሎችም መግጠሚያዎች ይሠራል፤ ያገለገለውም ብዙ ጊዜ ይገኛል። ካነን የያዛችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። አርኤፍ የሚባለው የአዲሶቹ ካነን ሚረርለሶች መግጠሚያ አውቶ ፎከስ ላላቸው የሌላ ኩባንያ ሌንሶች ለዓመታት ዝግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ነው ሲግማና ታምሮን ለኤፒኤስ-ሲ ካነኖች ሌንስ እንደሚያወጡ ያስታወቁት። ስለዚህ የድሮ ምክር ስታነቡ ቀኑን እዩ። የካነን የራሱ 50 ሚሜ ኤፍ 1.8 ግን ሁሌም ጥሩ መነሻ ነው፤ ኤፒኤስ-ሲ ላይ ለፊት ፎቶ በጣም ይመቻል።

ሌንስ መቀየር የማይወድ ሰው ካለ፣ ኪቱን ሸጦ በምትኩ ኤፍ 2.8 የሆነ ዙም ይግዛ። የሲግማ 18-50 ኤፍ 2.8 ክብደቱ 300 ግራም እንኳን አይሞላም። ውድ ነው፣ ግን ለዓመታት ሌላ ላያስመኝ ይችላል።

18-200 የመሳሰሉትን «ሁሉን ቻይ» ዙሞች ግን ለጀማሪ አልመክርም። ከኪቱ ጋር አንድ ዓይነት የብርሃን ችግር አለባቸው፣ ከዚያ ላይ ይከብዳሉ።

ወፎችን ማንሳት እፈልጋለሁ። ስንት ሚሊሜትር ያስፈልገኛል?

ጣና ላይ ይህን የሚጠይቅ ሰው ዕድለኛ ነው። ሌላ አገር ሰው በትልቅ ሌንስ ከሩቅ የሚያነሳቸውን ወፎች እዚህ ቀረብ ብሎ ማግኘት ይቻላል። ጠዋት ዓሣ አስጋሪዎች ያመጡትን ቀረሶና አምባዛ በሚያጸዱበት ቦታ ፔሊካኖች ተሰብስበው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። እዚያ 55-210 ወይም 50-230 የሚባለው ርካሽ ቴሌፎቶ ከበቂ በላይ ነው። እንዲያውም አንዳንዴ ይረዝማል።

ነጭ ራስ ያለው ዓሣ አዳኝ ንስር ግን ዛፍ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። ለእሱ ኤፒኤስ-ሲ ላይ ቢያንስ 300 ሚሜ፣ ቢቻል 400 ብታገኙ ይሻላል። ዘጌ የቡናው ጫካ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ምንቃር ያላቸው ወፎች ሌላ ፈተና ናቸው፤ ቅጠሉ ጥላ ስለሚያበዛ ረጅሙ ሌንስ ብርሃን ያጥረዋል። ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ ብርሃኑ በቅርንጫፎቹ መሃል መግባት ሲጀምር ሞክሩ።

ከሌንሱ ርዝመት በላይ ሁለት ነገሮች ይወስናሉ። አንደኛው ሸተር፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት የሰከንድ ክፍልፋይ ነው። ለተቀመጠ ወፍ 1/500 ይሆናል፤ ለሚበር 1/2000 አካባቢ ያስፈልጋል። ካሜራው ውስጥ ያለው ስታቢላይዜሽን የእጃችሁን መንቀጥቀጥ ብቻ ነው የሚቀንሰው፣ የወፉን ክንፍ አያቆምም። ሁለተኛው ትዕግሥት ነው። ጥቁርና ነጭ ላባ ያለው ዓሣ አጥማጅ ወፍ ከመወርወሩ በፊት አየር ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ክንፉን ያራግባል። ደንገሉ ዳር ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ይህን ደጋግሞ ያያል፤ እየተንጎራደደ የሚፈልግ ሰው አያየውም።

በብርዱ ወራት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ከአውሮፓ የሚመጡ ክሬን ወፎች ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ሸሸርና ዋላላ በሚባሉት ረግረጎች አካባቢ ይከርማሉ። ወደዚያ ከመሄዳችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ ሄዳችሁም አትቅረቧቸው። አንዴ የተነሳ መንጋ ለሌላውም ፎቶ አንሺ ጠፋ ማለት ነው።

ስለ ጉማሬ አንድ ቃል፦ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ይታያሉ። ረጅም ሌንስ ከሌላችሁ ፎቶው ይቅር። በታንኳ ወይም በትንሽ ጀልባ ወደ ጉማሬ መጠጋት ለሕይወት አስጊ ነው።

ገዳማቱ ውስጥ ጨለማ ነው፣ ፍላሽ ደግሞ አይፈቀድም። ምን ላድርግ?

ፍላሹን መከልከላቸው ልክ ነው። ሥዕሎቹ የዘመናት ቅርሶች ናቸው። በዚያ ላይ የፍላሽ ብርሃን ግድግዳው ላይ አንጸባርቆ ቀለሙን ይገድለዋል፤ ፎቶውም አያምርም።

ሰዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። የግድግዳ ሥዕል አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ፈጣን ሸተር አያስፈልገውም። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን በመሰለ ክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። እናንተ የምትቆሙበት ዙሪያ ጠባብ ስለሆነ ወደ ኋላ መራቅ አትችሉም። እዚያ 35 ሚሜ ፕራይሙ ይጠብባችኋል። ያ የተናቀው ኪት ሌንስ 16 ላይ ሆኖ የተሻለ ይሠራል። ትከሻችሁን ምሰሶ ላይ አስደግፉ፣ እስትንፋሳችሁን ያዙ፣ በ1/10 አካባቢ አንሱ። ሌንሱ ወይም ካሜራው ስታቢላይዜሽን ካለው ጥርት ብሎ ይወጣል። በሮቹ ሲከፈቱ የሚገባው ብርሃን ከሁሉ ያምራል፤ ትንሽ መጠበቅ ያዋጣል። ኤፍ 1.8 የሚያስፈልጋችሁ የሚያነቡትን መነኩሴ ወይም ሻማ የያዘችውን ልጅ ስታነሱ ነው። ሰው ይንቀሳቀሳል።

በ«ሮው» ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው) አንሱ። ከውጭ የሚገባው የቀን ብርሃንና የሻማው ቢጫ ሲቀላቀሉ ቀለሙን በኋላ ማስተካከል የሚቀለው በዚያ ነው።

ሥርዓቱን በተመለከተ፦ ጫማ ይወለቃል፣ ነጠላ ይለበሳል፣ «አባ ይፍቱኝ» ተብሎ ሰላምታ ይቀርባል፣ ከዚያ ካሜራ ይፈቀድ እንደሆነ ይጠየቃል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡም። እህቶቼ፣ ጉዞ ስታቅዱ ዘጌ ላይ ያሉትን፣ ወይም ደቅ ደሴት ዳርቻ ያለችውን፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን አስቡ። የእቴጌዪቱ ምስል እዚያው ሥዕሎቹ ውስጥ አለ፤ ፈልጋችሁ እዩት።

ለጢስ ዓባይ በጣም ሰፊ የሆነ ሌንስ መግዛት አለብኝ?

አያስፈልግም። ኪት ሌንሱ ይበቃል። ፏፏቴው 45 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ውሃው በሞላ ጊዜ ስፋቱ ብዙ ነው፤ ግን ከፊት ለፊቱ ርቃችሁ ነው የምትቆሙት። ከሌንሱ ይልቅ ወሩን ምረጡ። ውሃው የሚያምረው በነሐሴና በመስከረም ነው። በበጋ አብዛኛው ውሃ ለኃይል ማመንጫ ስለሚውል የምታገኙት ቀጭን ጅረት ሊሆን ይችላል። ቀስተ ደመና ከፈለጋችሁ ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉ። ሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ ከአንድ በላይ ያዙ፤ ፍንጣሪው የመጀመሪያውን ወዲያው ያረጥበዋል።

ለሐይቁ ግን አንድ ትንሽ ነገር ግዙ፦ ፖላራይዘር ፊልተር። የውሃውን ነጸብራቅ ይቀንሳል፣ የሰማዩንና የደንገሉን ቀለም ያጎላል። ከመግዛታችሁ በፊት የሌንሳችሁን የፊት ስፋት እዩ፤ 49፣ 52፣ 55 የሚል ቁጥር ፊቱ ላይ ወይም ክዳኑ ላይ ተጽፏል።

የድሮ የፊልም ካሜራ ሌንስ ቤታችን አለ። ይሠራል?

ይሠራል፣ የሚረርለስ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። መስታወቱ ስለተነሳ ሌንሱ ከሚገጥምበት እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት አጭር ሆኗል። ሶኒ ኢ ላይ 18 ሚሜ፣ ኒኮን ዜድ ላይ 16 ሚሜ ነው። የድሮው ኤም42 መግጠሚያ ግን 45 ሚሜ በላይ ይፈልጋል። ልዩነቱን ባዶ የብረት ቀለበት ይሞላዋል፤ አዳፕተር የሚባለው ይኸው ነው። ውስጡ መስታወት ስለሌለው ርካሽ ነው።

ፎከሱን በእጅ ታዞራላችሁ። «ፎከስ ፒኪንግ» የሚለውን ከሜኑው ብታበሩት የጠራው ክፍል በቀለም ይታያችኋል። ለተቀመጠ ሰው፣ ለአበባ፣ ለታንኳ ጥሩ ነው። የአባቱን ሌንስ አስገጥሞ እንደገና ፎቶ ማንሳት የጀመረ ሰው ከአዲስ ሌንስ የማያገኘውን ደስታ ያገኛል፤ ይህን በደንብ አምናለሁ።

ያገለገለ ሌንስ ስገዛ ምን ልመልከት?

አዲስ ሌንስ ኪስ ይጎዳል። ብዙዎቻችን የምንገዛው በቴሌግራም ከታወጀ ሽያጭ፣ ከአዲስ አበባ ሱቆች፣ ወይም ከውጭ በሚመጣ ዘመድ በኩል ነው። ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም፤ ጥሩ ሌንስ ከካሜራ የበለጠ ዕድሜ አለው። ግን ሳታዩ ገንዘብ አትላኩ።

የራሳችሁን ካሜራ ይዛችሁ ሂዱ። የስልካችሁን መብራት ከሌንሱ ጀርባ አብርታችሁ በፊት በኩል አግድም እዩ። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ክር ካያችሁ ፈንገስ ነው፤ ተዉት። ትንሽ አቧራ ግን ችግር አይደለም። ሁሉም ሌንስ ውስጥ አለ፣ ፎቶው ላይም አይታይም። ፊት ላይ ያለ ስስ ጭረትም እንዲሁ። ኋላ ያለው መስታወት ላይ ያለ ጭረት ግን ዋጋ ያስቀንሳል፣ ፎቶ ላይ ይታያልና።

ቀጥሎ ሌንሱን ግጠሙና ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ ከሩቅ ወደ ቅርብ ፎከስ አስደርጉት። ቢያመነታ ወይም ቢያንጫጫ ጠርጥሩ። በኤፍ 16 አንሱና አፐርቸሩ በእርግጥ እንደሚጠብ አረጋግጡ። ጽሑፍ ያለበት ግድግዳ ፊት ለፊት ቆማችሁ አፐርቸሩን ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ አንሱ። ግራው ጠርቶ ቀኙ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቋል ወይም ተከፍቶ ተሰብስቧል ማለት ነው። ወርቃማዎቹ የመገናኛ ነጥቦች ንጹሕ ይሁኑ። ሻጩ ይህን ሁሉ ለማየት ጊዜ ካልሰጣችሁ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ አመስግናችሁ ውጡ።

ክረምቱ እርጥብ ነው። ሌንሴ ፈንገስ እንዳይዘው ምን ላድርግ?

ፈንገስ የሚወደው ጨለማ፣ እርጥበትና የማይነካ ዕቃ ነው። የካሜራ ቦርሳ ቁም ሳጥን ውስጥ ለወራት ሲቀመጥ ሦስቱም ይሟላሉ። ቦርሳ ለመሸከሚያ እንጂ ለማስቀመጫ አይሁን። በደንብ የሚገጥም የፕላስቲክ የምግብ ዕቃ ግዙ፣ ጫማና መድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን የሲሊካ ከረጢቶች ሰብስባችሁ ጨምሩበት። ሲሊካው ይሞላል፤ አልፎ አልፎ ማድረቅ ወይም መቀየር ያስፈልጋል። በሐምሌና በነሐሴም ቢሆን በየሳምንቱ ሌንሱን አውጥታችሁ ተጠቀሙበት። ካሜራን ከፈንገስ የሚያድነው ከሁሉ በላይ መጠቀም ነው።

ጀልባ ላይ ሌንስ መቀየር ይቻላል?

ባይሆን ይመረጣል። ሚረርለስ ላይ ሌንሱ ሲነሳ ሴንሰሩ ተጋልጦ ይቀራል፤ ነፋሱና ፍንጣሪው በቀጥታ ያገኙታል። ከመሳፈራችሁ በፊት ወስኑ። ወደ ደሴቶቹ ስትሄዱ አንድ ዙም ይበቃል። ግድ ከሆነ ካሜራውን አጥፉ፣ አፉን ወደ ታች ድፉ፣ በጋቢ ከልሉትና ቀይሩ። የጀልባው ሞተር ስለሚያንቀጠቅጥ ሸተሩን ከ1/500 አታውርዱ።

ሰው ለማንሳት አፍራለሁ፣ እፈራለሁም። ረጅም ሌንስ ገዝቼ ከሩቅ ላንሳ?

አይሆንም። ከሩቅ ተደብቆ ማንሳት ፍርሃቱን አይፈታውም፤ ሰውየውም ሲያይ ይቆጣል፣ እውነትም አለው። 35 ወይም 50 ያዙና ቅረቡ። «ጋሼ፣ ሥራዎት ደስ ብሎኛል፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» ማለት ብቻ ነው። እንቢ ካሉ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ማለፍ። እሺ ካሉ ስክሪኑን አሳዩአቸው።

ቀትር ላይ ካገኛችኋቸው ከጥላ ሥር አስቀምጧቸው። በሚያዝያ 12 አካባቢና በነሐሴ 16 አካባቢ ፀሐይ ባሕር ዳር ላይ በቀትር ልክ አናት ላይ ትሆናለች፤ በሁለቱ ቀናት መካከል ባሉት ወራትም ከዚያ ብዙ አትርቅም። ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ የሚጥለው ይህ ነው። ጥላው ውስጥ ነጭ ጋቢ ወይም ነጠላ ፊት ለፊት ዘርግቶ ብርሃን መመለስ ይቻላል፤ ከሚገዛው አንጸባራቂ አያንስም።

ከዚያ ፎቶውን አሳትማችሁ መልሱላቸው። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ፎቶ ትልቅ ወጪ አይደለም። ደንገል የሚያስረው ታንኳ ሠሪ የራሱን ፎቶ በእጁ ሲይዝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጡ ወንድሙንም ልጁንም ጠርቶ «አንሳን» ይላችኋል። በር የሚከፍተው ውድ ሌንስ አይደለም።

ድልድይ፣ የመንግሥት ተቋምና የጸጥታ አካላት ያሉበት ቦታ ግን ከማንሳታችሁ በፊት ጥበቃዎቹን ጠይቁ።

ካሜራውን ስገዛ በየቀኑ አነሳ ነበር። አሁን ሙዱ ጠፋ። ምን ይሻላል?

ይህ ከሁሉ በላይ የሚጠየቅ ነው። ብዙዎቹ ራሳቸው መልስ ይሰጡታል፦ «አዲስ ሌንስ ብገዛ ይመለስ ነበር»። አዲስ ሌንስ ለጥቂት ጊዜ ያነቃቃል፣ ከዚያ ፍላጎቱ ወደነበረበት ይመለሳል።

እኔ እንደማየው ፍላጎት የሚደክመው የምናነሳው ነገር ሲበታተን ነው። ዛሬ ጀንበር፣ ነገ ድመት፣ ከነገ ወዲያ ሠርግ። እያንዳንዱ ፎቶ ለብቻው ይቆማል፣ ከሌላው ጋር አይያያዝም፤ ስለዚህ ነገ የምንወጣበት ምክንያት አይኖርም። አንድ ጉዳይ የያዘ ሰው ግን ያላለቀ ሥራ ስላለው ይወጣል። ጉዳዩ ትልቅ መሆን የለበትም። የታንኳ አሠራር ከደንገል ቆረጣው እስከ ውሃው። የአንድ ዓሣ አስጋሪ ቤተሰብ። የቅዳሜ ገበያ ሸክላ ሻጮች። እምቦጭ አረም እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ሐይቁን እያስጨነቀ ነው፤ ከእሱ ጋር የሚታገሉ ገበሬዎችን እጅ ብቻ ማንሳት ራሱ ዓመት የሚፈጅ ሥራ ነው።

ዘመናችን 13 ወር መሆኑም ይጠቅማል። አንድ ቦታ ምረጡና ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በየወሩ አንድ ፎቶ ብቻ አስቀሩ። ብዙ አንሱ፣ አንድ ብቻ ምረጡ። መምረጡ ከማንሳቱ ይከብዳል፤ ዓይን የሚሳለውም እዚያ ላይ ነው። የጳጉሜኗን ፎቶ በአምስት፣ ቢበዛ በስድስት ቀን ውስጥ ማግኘት አለባችሁ፣ ያ ራሱ ያስወጣችኋል።

ጓደኛ ያዙ። ብቻውን የሚወጣ ሰው ዝናብ ሲያካፋ ይቀራል፤ ሰው የቀጠረ ግን ይወጣል።

ባሕር ዳርን ጨርሻታለሁ። ሁሌ ያው ሐይቅ፣ ያው ዘንባባ። ሌላ ከተማ ካልሄድኩ አዲስ ነገር የለም።

ሐይቁ ያው አይደለም። ውሃው ከክረምቱ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል፤ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ብሎ ዳርቻውን ያሳያል። በመስከረም ድንጋይ ያልታየበት ቦታ በግንቦት ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።

ጀንበሯም ቦታ ትቀይራለች። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ላይ ናት። በሰኔ ፀሐይ ከምዕራብ ወደ ሰሜን አዘንብላ ስለምትጠልቅ ከውሃው በላይ የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው፤ ደመናው ከፈቀደ። በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ከዚያው ድንጋይ ላይ ቆማችሁ ወደ የብሱ ስትገባ ታያላችሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 48 ዲግሪ ይጠጋል። ኤፒኤስ-ሲ ላይ ያለ 35 ሚሜ ሌንስ በአንድ ፍሬም ከሚይዘው ስፋት ይበልጣል። እንዲሁም በታኅሣሥ 12 ሰዓት አለፍ ብሎ ትጠልቃለች፣ በሰኔ ወደ 1 ሰዓት ትጠጋለች። ሥራ የሚበዛባችሁ ሰዎች ይህን ተጠቀሙበት፤ በሰኔ ከቢሮ ወጥታችሁ ትደርሱባታላችሁ።

ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥታችሁ ዓባይን በጭጋጋማ ጠዋትና በጠራ ከሰዓት አንሱት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ጨርሻለሁ ያለ ሰው ያኔ ይናገር።

የለጠፍኩትን ማንም አይወድልኝም። ተስፋ ቆረጥኩ።

ላይክ የሚለካው ፎቶው በስልክ ስክሪን ላይ በአንድ ሰከንድ ምን ያህል እንደሚስብ ነው። የደመቀ ጀንበር ሁሌ ያሸንፋል፤ የአንዲት እናት ጸጥ ያለ ፊት ግን ጊዜ ይጠይቃል። ለላይክ ብቻ ካነሳችሁ ቀስ በቀስ ሁላችሁም አንድ ዓይነት ጀንበር ታነሳላችሁ።

ይልቅ አሳትሙ። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በጥሩ ጥራት 50 በ33 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ለትንሹ 10 በ15 ደግሞ 2 ሜጋፒክስል ይበቃል፤ ስለዚህ ካሜራዬ አርጅቷል ብላችሁ አትጨነቁ። ፎቶ ግድግዳ ላይ ሲሰቀልና እንግዳ መጥቶ «ይህ ማን ነው?» ሲል የሚሰማው ሌላ ነው።

ሦስተኛ ሌንስ መቼ ልግዛ?

ሁለቱ ሌንሶች የከለከሏችሁን ፎቶ በትክክል መናገር ስትችሉ። «ንስሩ ሁሌ ትንሽ ይሆንብኛል» ያለ ሰው 300 ወይም 400 ይግዛ። «የጥምቀት ታቦት ሲወጣ ሕዝቡን በአንድ ፍሬም መያዝ አልቻልኩም» ያለ ሰው 10 ወይም 12 ሚሜ ያስብ። «እንዲሁ አንድ ነገር ጎደለኝ» ያለ ሰው ገንዘቡን ለጀልባና ለማሳተሚያ ያድርገው። ለጥር 10 ከተራ እና ለጥር 11 ከገዛችሁ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ግዙት። በግፊያው መሃል አዲስ ሌንስ መልመድ አይቻልም።

ካሜራዬን ለወራት አልነካሁትም። ከየት ልጀምር?

ሌንሱን በስልክ መብራት ፈትሹ። ባትሪውን ቻርጅ አድርጉ፤ የቅርብ ጊዜ ሚረርለሶች በዩኤስቢ-ሲ ከፓወር ባንክ ስለሚሞሉ መብራት ጠፋም ምክንያት አይሆንም። ባትሪው ለረጅም ጊዜ ባዶ ከነበረ ቀኑና ሰዓቱ ተሳስቶ ሊሆን ስለሚችል አስተካክሉት፤ አለበለዚያ የአዲሶቹ ፎቶዎች ቅደም ተከተል ይበላሻል። ሜሞሪ ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ገልብጡና ካሜራው ውስጥ ፎርማት አድርጉ። ከዚያ ቀድሞ ከጀመራችሁት ጉዳይ የመጨረሻውን ፎቶ አውጥታችሁ እዩና፣ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው ቦታ ሂዱ።